ማርሹ ሲጮህ፦ ለጀልባ ጥገና ተማሪዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ሲያትል ውስጥ በሌክ ዩኒየን ዳርቻ በጀልባ ጥገና የቆየሁ ሰው ነኝ። ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ የማርሹ ክፍል ከኋላ ወደ ውኃ በሚወርድበት ስተርንድራይቭ ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አቤቱታ «ማርሹ ሲገባ ይጮኻል» የሚለው ነው። አደራ የምላችሁ፣ ይህን ስትሰሙ እጃችሁን ወደ መፍቻ ከመስደዳችሁ በፊት ድምፁ መቼና እንዴት እንደሚሰማ ጠይቁ፤ ከተቻለም ከባለቤቱ ጋር ውኃ ላይ ወጥታችሁ በጆሯችሁ ስሙት።

መርክሩዘር አልፋ በሚባለው የስተርንድራይቭ ዓይነት ላይ ማርሽ የሚገባው የብረት ጥርስ ከብረት ጥርስ ጋር ሲቆላለፍ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ጓ» ማለቱ ተፈጥሮው ነው፤ ፕሮፔለሩ ከባድ የማይዝግ ብረት ከሆነ ደግሞ ድምፁ ይበረታል። መርክሩዘር ብራቮና ቮልቮ ፔንታ የሚባሉት ሌሎች ዓይነቶች ግን የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ክላች ስላላቸው በለሰለሰ ሁኔታ ይገባሉ። አልፋ ላይ ሊያሳስባችሁ የሚገባው «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ የሚደጋገመው ድምፅ ነው፤ ጥርሶቹ ሊያያዙ ሞክረው እየተንሸራተቱ ነው ማለት ነውና።

አስቀድማችሁ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ለኩ። ብዙዎቹ ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው በደቂቃ ከ650 እስከ 700 ዙር ሊዞሩ ይገባል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ጤነኛው ማርሽም ይጮኻል። የጀልባው የራሱ መለኪያ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት በእጃችሁ ባለው መለኪያ አረጋግጡ። የባለቤቱንም እጅ ተመልከቱ፤ ለማርሹ አዝኖ እጀታውን ቀስ እያለ የሚገፋ ሰው ሳያውቀው የጥርሶቹን ጠርዝ እየሞረደ ነው። ማርሽ በሚኒሞ ላይ፣ ቆራጥ በሆነ አንድ እንቅስቃሴ መግባት አለበት።

ቀጥሎ ኬብሉን መርምሩ፤ እኔ በወጣትነቴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ደንበኛ እንዲህ የሚጮህ አልፋ ቢያመጣልኝ፣ በቀጥታ የታችኛውን ክፍል ፈትቼ ክላቹን፣ ማለትም የሚቆላለፈውን ባለ ጥርስ ብረት፣ በአዲስ ቀየርኩ፤ ጀልባው ብዙም ሳይቆይ በዚያው ድምፅ ተመለሰ። ከጀልባው ጀርባ አልፎ ወደ ውኃው የሚወርደው የታችኛው የማርሽ ኬብል ውኃ ገብቶበት ዝጎ፣ የውስጥ ሽቦው ተበጣጥሶ ነበር፤ በዚህም የተነሳ አዲሱ ክላች እስከ መጨረሻው ሳይገባ ጠርዙ መዶልዶም ጀምሯል። የሁለተኛውን ክላች ዋጋ እኔ ከፈልኩ፤ የሰውዬው የበጋ ሳምንታት ግን በምንም አልተካኩለትም፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ንቀሉና ከማርሽ እጀታው የሚመጣውን የላይኛውን ኬብል ሞተሩ ላይ ካለው የማርሽ ሳህን አላቁት፤ ረዳታችሁ ፕሮፔለሩን በእጁ እያዞረ እናንተ የታችኛውን ኬብል አንቀሳቅሱ። ከከበደ ጥፋቱ ወደ ታች ነው፤ ከቀለለ የላይኛውን ኬብልና የእጀታውን ሳጥን ተጠራጠሩ። እዚያው ሳህን ላይ ያለችው ትንሽ ስዊች ማርሽ ሲወጣ ለቅጽበት የሞተሩን እሳት የምታቋርጥ ናት፤ ማርሽ ሲገባም የምትነካ ከሆነ ኬብሉ መክበዱን እየነገረቻችሁ ነው።

ጀልባው ሲታጠፍ የሚያጉረመርም ድምፅ የማርሽ ጉዳይ አይደለም፤ ኩሽኔታውን ወይም ክሮቼራውን፣ ማለትም እየታጠፈ ዙሩን የሚያስተላልፈውን መገጣጠሚያ፣ እዩ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የማርሹን ክፍል ዘይት በንጹሕ ዕቃ አውርዱ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። በዘይት መውጫው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ጥቁር ብናኝ ብታገኙ የተለመደ ድካም ነው፤ በጣቶቻችሁ መካከል የሚቆረቁር ስባሪ ብታገኙ ግን የታችኛውን ክፍል ያን ጊዜ ፍቱት።