ጤፍ ያልገባበት እንጀራ፣ እንጀራ ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ነው። ጤፍ ውድ ስለሆነብኝ የምጋግረው ከገብስና ከስንዴ ዱቄት ነው። ታላቅ እኅቴ ግን «ጤፍ ያልገባበት ቂጣ እንጂ እንጀራ አይባልም» ትለኛለች። ለመሆኑ አንድን ነገር ያንኑ ነገር የሚያሰኘው ባሕርይ አለው? ወይስ ሁሉም የስም ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ከአሪስቶትል ዘመን ጀምሮ ፈላስፎችን ያከራከረ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደየነገሩ ዓይነት ይለያያል ብዬ አምናለሁ።

ወርቅን እናስቀድም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ወርቅን ወርቅ የምንለው ቢጫነቱን፣ ክብደቱንና ሲቀጠቀጥ መሳሳቱን አይተን እንደሆነ፣ እነዚህን የሚያስገኘው ውስጣዊ አሠራር ግን እንደተሰወረብን ጽፎ ነበር። የተሰወረው ኋላ ተገለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ በኤክስሬይ ባደረገው ምርምር፣ የአንድ ንጥረ ነገር ማንነት በአተሙ እምብርት ባለው የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚወሰን አሳየ። ይህን ሙል የሚሰጡት ፕሮቶን የሚባሉት ቅንጣቶች ናቸው፤ ወርቅ 79 ፕሮቶን አለው፤ 80 ያለው ባዜቃ (ሜርኩሪ) ነው። ወርቅ ቢቀልጥም፣ ቢደቅም፣ ስሙን ብንለውጠውም ያው 79 ነው፤ ስለዚህ ባሕርይ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም የሚሉትን መቀበል ይከብደኛል።

እንጀራ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። በሐረርጌ የማሽላ እንጀራ፣ በደጋው የገብስ እንጀራ ሲበላ ኖሯልና ጤፍን መለኪያ ካደረግን ይህን ሁሉ ሕዝብ ከገበታው ማስነሣታችን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እንጀራን እንጀራ የሚያሰኘው አሠራሩ ነው፦ ሊጡ በእርሾ ይቦካል፣ ከላዩ የቀረረው ውኃ ይደፋል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሃል እየተዞረ ይፈስሳል፣ ዓይን ሲያወጣ ይከደንና ሳይገለበጥ በእንፋሎቱ ይበስላል። ቂጣ ግን ይገለበጣል፤ እኅትዎ በቃሉ ሲጠቀሙ ይህን ልዩነት ያጤኑት አይመስለኝም። ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት ቁርጥ ያለ ድንበር አለመኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ኮምጠጥ ማለቱና ወጥ የሚይዙት ዓይኖቹ በስም ብቻ የሚፈጠሩ አይደሉም።

ስለዚህ ሊጥዎን በእርሾ አቡክተው የሚጋግሩ ከሆነ፣ ገብስም ይሁን ስንዴ፣ እንጀራ ነው። ዓይኑ የሚወጣው በቤኪንግ ፓውደር ብቻ ከሆነ ግን፣ ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም፣ ለእኅትዎ እፈርዳለሁ።