ቡችሎቹን አሁኑኑ ልሽጥ?

ጥያቄ፦ ውሻዬ የወለደቻቸው ቡችሎች አንድ ወር ሞላቸው። ከኮምቦልቻ የመጡ ገዢዎች ዛሬውኑ እንውሰድ ይላሉ። ልስጣቸው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አይስጧቸው። ቀብድ መቀበል ይችላሉ፤ ቡችላ ግን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው።

የትል መድኃኒት በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት ይሰጣል። ካልጀመሩ ዛሬ ይጀምሩ፤ ትሉ ወደ ልጆችም ይተላለፋል። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ እያንዳንዱን መዝነው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ቡችላን በጥቂት ቀናት ይገድላል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ እስከ 16ኛው ሳምንት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ሳሙና አይገድለውም። ወለሉን አጥበው 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበትና ለ10 ደቂቃ እንደረጠበ ያቆዩት። ገዢው ቤት በቅርቡ ውሻ በዚህ በሽታ ሞቶ ከሆነ፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ምንም ቢከፍል አይሽጡለት።

ለቡችላው የተሰጠውን መድኃኒትና ክትባት ሁሉ ከነቀኑ ጽፈው ለገዢው ይስጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ እንደሚያስፈልገውም ይጻፉ። የለመደውን ምግብ የሳምንት ያህል ይቋጥሩለት፤ ድንገተኛ ለውጥ ያስቀምጠዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስለሚያስመልሰው ከጉዞው 3 ሰዓት በፊት አይመግቡት።