አንጋፋውን ታይት ኤንድ በድራፍት መተካት ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

መነሻችን በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) የሚጫወተው ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ነው። በ1989 የተወለደውን ታይት ኤንዱን ትራቪስ ኬልሲን ክለቡ ያገኘው በ2013 ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት ነበር። ተተኪውንም በዚያው መንገድ ይፈልግ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ በሚለው ላይ የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤንኤፍኤል ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ታይት ኤንድን መተካት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ኳስ የሚቀበል ሰው ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ ታይት ኤንድ ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ሰው ነው። በአንዱ ፕሌይ (ኳሱ ተነሥቶ እስኪቆም ያለ አንድ ሙከራ) ከታክሉ (ከአጥቂው መስመር ዳር ገፊ) ጎን እጁን መሬት አስነክቶ ከ120 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዲፌንሲቭ ኤንድ (የተከላካዩ መስመር ዳር ሰው) ይገፋል፤ በሚቀጥለው 15 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሮጦ ላይንባከሩና (ከመስመሩ ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ) ሴፍቲው (የመጨረሻው ተከላካይ) መካከል ኳስ ይቀበላል። ተከላካዮቹ እሱን ሜዳ ላይ ሲያዩ ሩጫ ይምጣ ፓስ ይምጣ አስቀድመው መለየት አይችሉም፤ ዋጋው እዚያ ላይ ነው። አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ምስጢሩ ይወጣል። ብሎክ፣ ማለትም ተከላካይ መግፋት፣ የማይችል ሲገባ አንድ ላይንባከር አስወጥተው ፈጣን ተከላካይ ያስገባሉ፤ መቀበል የማይችል ሲገባ ደግሞ ሴፍቲውን ወደ መስመሩ ያስጠጋሉ። አዲስ ልጅ ሁለቱንም ትምህርት እኩል ይዞ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ሳታንዛዛ ንገረን። የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ይውጣበት ወይስ አይውጣበት?

መልስ፦ አይውጣበት። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ዙር ይፈለግ።

ዋናው ምክንያት ሒሳብ ነው። የሩኪ (የአዲስ ተጫዋች) ደመወዝ የሚወሰነው በምርጫ ቁጥሩ ነው፤ 20ኛ የተመረጠ ታይት ኤንድና 20ኛ የተመረጠ ተቀባይ (ዋና ሥራው ኳስ መቀበል የሆነ ተጫዋች) የሚከፈላቸው እኩል ነው። ገበያው ላይ ግን አይገናኙም። በ2025 ጆርጅ ኪትል ኮንትራቱን ሲያድስ በዓመት 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተቀባዩ ጃማር ቼዝ ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈረመ። ስለዚህ በመጀመሪያ ዙር የተወሰደ ልጅ ከተሳካለት፣ ተቀባይ ሲሆን ለክለቡ ከደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ከፈቀደው የደመወዝ ወሰን) ላይ የሚያተርፍለት ታይት ኤንድ ሲሆን ከሚያተርፍለት በጣም ይበልጣል።

ሌላው፣ የዚህ ቦታ ትልልቅ ስሞች ብዙ ጊዜ ከታች ነው የተገኙት። ኬልሲ 63ኛ፣ ማርክ አንድሩስ 86ኛ፣ ኪትል 146ኛ ነበሩ። የባልቲሞር ሬቨንስ የ2018 ምርጫ ብቻውን ብዙ ያስተምራል፦ በ25ኛ ሄይደን ኸርስትን፣ በ86ኛ አንድሩስን ወሰዱ። ቦታውን የያዘው ሁለተኛው ነው፤ ኸርስት በ2020 ወደ አትላንታ ተሸጠ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ብሮክ ባወርስን ረሳኸው እንዴ? 13ኛ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን ያንቀጠቀጠው ማን ነው?

መልስ፦ አልተረሳም። በ2024 112 ኳስ ይዞ 1,194 ያርድ አመጣ፤ በሩኪ ታይት ኤንድ ታሪክ የሚደርስበት የለም። ነገር ግን ካይል ፒትስም በ2021 4ኛ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,026 ያርድ ነበረው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ያን ያህል አልደገመውም። 8ኛ የተመረጠው ቲጄ ሆከንሰን ደግሞ አራተኛ ዓመቱ ሳያልቅ ከዲትሮይት ወደ ሚኒሶታ ተዛወረ። ዲትሮይት በእሱ ቦታ በ2023 ሳም ላፖርታን በ34ኛ ምርጫ ወሰደ፤ ልጁ በመጀመሪያ ወቅቱ 86 ኳስ፣ 889 ያርድ፣ 10 ታችዳውን (ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ የሚገኝ ነጥብ)። ባወርስን የመሰለ ልጅ ተራህ ላይ ከደረሰ ውሰደው፤ ለመውሰድህ ምክንያቱ ግን የልጁ ችሎታ ይሁን እንጂ ክፍት ቦታ መኖሩ አይሁን። ክፍት ቦታ ለመሙላት የመጀመሪያ ዙር የሚያወጣ ክለብ ሰሌዳው ላይ 40ኛ የጻፈውን ልጅ በ22ኛ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ አንጋፋው ገና እየተጫወተ ተተኪ መምረጥ ምርጫ ማባከን አይሆንም? መቼ ነው ትክክለኛው ጊዜ?

መልስ፦ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ክለቦች ከዙሩ ይልቅ ጊዜውን ነው የሚስቱት።

ሁለት ቁጥር ያዝ። ከ2ኛው ዙር ጀምሮ የሚመረጥ ልጅ ኮንትራቱ 4 ዓመት ነው፤ ክለቡ እንደፈለገ የሚያራዝመው የ5ኛ ዓመት መብት ያለው ለመጀመሪያ ዙር ብቻ ነው። ብዙው ታይት ኤንድ ደግሞ ሙሉ ሥራውን ለመያዝ 2 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። አራት ሲቀነስ ሁለት፣ በርካሽ የምትጠቀምበት ሁለት ዓመት ቀረህ። አንጋፋው የሚወጣው በነዚያ ሁለት ዓመታት መግቢያ ላይ ከሆነ አተረፍክ። ቀድመህ ከገዛህ ልጁን ለሌላ ክለብ አሠልጥነህ ትሰጣለህ፤ ዘግይተህ ከገዛህ ደግሞ ሁለት ወቅት ትራባለህ።

ቀድሞ የገዛው ዳላስ ነው። ጄሰን ዊተን እያለ ሦስት ጊዜ የ2ኛ ዙር ምርጫ አወጡ፦ በ2006 አንተኒ ፋሳኖ፣ በ2008 ማርቴለስ ቤኔት፣ በ2013 ጋቪን ኤስኮባር። ለሁለት ታይት ኤንድ አሰላለፍ ነው የሚል ይኖራል፤ ዊተን ግን ከሜዳ የሚወጣ ሰው አልነበረም፣ የተረፋቸው ስናፕ (የሚሰለፉበት ፕሌይ) ትንሽ ነበር። ፋሳኖ በሁለት ዓመቱ ወደ ማያሚ ተሸጠ። ቤኔት አራት ዓመቱን ጨርሶ ሄደና በ2014 ለቺካጎ 90 ኳስ ያዘ። የኤስኮባርም ኮንትራት ዊተን ሳይወጣ አለቀ። በመጨረሻ ዊተን በ2018 ጸደይ ጫማውን ሊሰቅል መሆኑ የተሰማው ድራፍቱ በመካሄድ ላይ ሳለ ነበር፤ ሦስት ምርጫ ወጥቶበት ወራሽ የለም። በማግሥቱ ዳልተን ሹልትዝን በ137ኛ ወሰዱት። እሱም በ2019 ሙሉ ወቅት የያዘው አንድ ኳስ ብቻ ነው፤ በሦስተኛ ዓመቱ የፊቱ ሰው ብሌክ ጃርዊን ሲጎዳ ግን 63 ኳስና 615 ያርድ። ያው ሁለት ዓመት ማለት ነው።

የዘገየው አትላንታ ነው። ቶኒ ጎንዛሌዝ በ2013፣ በመጨረሻ ወቅቱ፣ 83 ኳስና 859 ያርድ ነበረው። በዚያው ዓመት በ4ኛ ዙር የተመረጠው ሌቪን ቶይሎሎ በ2014 ቦታውን ሲረከብ 31 ኳስና 238 ያርድ ብቻ ሆነ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፣ ተፈጥሮውም ከተቀባይነት ይልቅ ለብሎክ የሚያደላ ነው።

ያወቀበት ፊላደልፊያ ነው። ዛክ ኧርትዝ በ2018፣ 116 ኳስ ይዞ በወቅቱ የታይት ኤንድ ሪከርድ ባስመዘገበበት ዓመት፣ ዳላስ ጎደርትን በ49ኛ ወሰዱ። ያኔ «ምን ጎደላችሁ?» የሚያሰኝ ምርጫ ነበር። ጎደርት በመጀመሪያ ዓመቱ 334፣ በሁለተኛው 607 ያርድ አመጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አሰልፈው ተጠቀሙባቸው። በጥቅምት 2021 ኧርትዝ ወደ አሪዞና ሄደ፣ በኅዳር ጎደርት አዲስ ኮንትራት ፈረመ። አንድ ወር እንኳ ቦታው ባዶ አልሆነም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንጋፋው ሊያበቃ ሁለት ዓመት እንደቀረው በምን ይታወቃል? ኬልሲ በ2024 97 ኳስ ይዟል፤ ይህ ያረጀ ሰው ቁጥር ነው?

መልስ፦ የያዘውን ኳስ ብዛት ብቻ አትመልከት፤ የሚያታልለው እሱ ነው። ያርዱን በያዘው ኳስ ብዛት አካፍለው። በ2022 110 ኳስና 1,338 ያርድ፣ በአማካይ 12.2። በ2023 93 ኳስና 984 ያርድ፣ 10.6። በ2024 97 ኳስና 823 ያርድ፣ 8.5። ታችዳውኑም 12፣ 5፣ 3 እያለ ወረደ። እጁና ጭንቅላቱ እንዳሉ ናቸው፤ የሄደው እግሩ ነው። ተከላካዮቹ ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ) ሲጠብቁ ክፍተቱን አግኝቶ ይቆማል፣ ኳሱን ይይዛል፣ እዚያው ይወድቃል።

ፊልም ስታይ ሦስት ነገር ለይ፦ አንድ ለአንድ ሲያዝ ከተከላካዩ ስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ ከያዘ በኋላ የመጀመሪያውን ሰው ማለፍ መቻሉን፣ 3ኛ ዳውን (10 ያርድ ለማለፍ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ላይ ሴፍቲ ብቻውን ሊሰጡት መድፈራቸውን። ቀድሞ ሁለት ሰው የሚመድቡለት ተጋጣሚዎች አንድ ሰው ብቻ ከመደቡለት መልሱን ነግረውሃል።

ፍርድ ከመስጠትህ በፊት ግን ዙሪያውን ተመልከት። በ2024 የቺፍሱ ተቀባይ ራሺ ራይስ በአራተኛው ሳምንት ተጎድቶ ሲወጣ ተከላካዩ ሁሉ መሀል ሜዳውን ጠቅጥቆ ጠበቀ፤ የኬልሲ አማካይ የወረደው በከፊል በዚህም ነው። አንድ ወቅት ብቻውን አይፈርድም። ሦስት ወቅት በተከታታይ ሲወርድ ግን ልጁን መርጠህ ልታሠለጥነው ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ ከኮሌጅ ልጆች ውስጥ እንዴት ይለያል? የኳስ ብዛት ያታልላል ብለሃልና።

መልስ፦ መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ ቁጠር። አሁን ብዙ ኮሌጆች ታይት ኤንዱን እንደ ተቀባይ ዳር ነው የሚያቆሙት፤ ከታክሉ ጎን እጁን መሬት አስነክቶ የቆመበት ስናፕ ጥቂት ከሆነ፣ የምትገዛው ገና ብሎክ ያልተማረ ልጅ ነው። ይህ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ የሁለት ዓመቱ ጊዜ ግን ወደ ሦስት ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ ያርዱን በትነው። ከመስመሩ ጀርባ በተወረወሩ አጫጭር ስክሪኖች የተከማቸ ያርድ ኤንኤፍኤል ውስጥ አይደገምም። 10 ያርድ አልፈው የተወረወሩትን፣ በተለይ ተከላካይ ተጣብቆበት የያዛቸውን ለይተህ እይ። ኳሱን በእጁ ከደረቱ አርቆ ይይዛል ወይስ ደረቱ ላይ ያቅፋል? ደረቱ ላይ የሚያቅፍ ልጅ የሚመታው ሰው ሲመጣ ይጥለዋል።

ብሎኩን ስታይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች ብቻ ተከተል። ጥንካሬ በጂም ይመጣል። እግሩን አቀራርቦ፣ ወገቡን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ የሚገባ ልጅ ግን ዲፌንሲቭ ኤንዱ በአንድ እጅ ጎትቶ ይጥለዋል፤ ይህ ልማድ ለመንቀል ዓመት ይፈጃል። ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚደረገው የኮምባይን (የድራፍት ዕጩዎች የአካል ብቃት) ፈተና ከ40 ያርድ ሩጫው ይልቅ የመጀመሪያውን 10 ያርድ እይ፤ ታይት ኤንድ 40 ያርድ ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት ቀን ጥቂት ነው። ጉልበቱን ደግሞ ሐኪም ይይልህ።

ጥያቄ፦ ቺፍስ ሌላ ታይት ኤንድ፣ ኖዋ ግሬይ፣ አለው አይደል? ለምን አዲስ ይፈለጋል?

መልስ፦ ግሬይ ጥሩ ሁለተኛ ሰው ነው። በ2021 በ5ኛ ዙር ተመርጦ በ2024 40 ኳስ፣ 437 ያርድና 5 ታችዳውን ደርሷል። ከአንደኛው ጎን ሲቆም ይጠቅማል፤ ተከላካዩ እሱን ብሎ አሰላለፉን አይቀይርም። በ2024 በ4ኛ ዙር የመጣው ጃሬድ ዋይሊ ደግሞ በዚያው ወቅት የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ለዚህ ነው አንድ ልጅ ላይ ብቻ መወራረድ የማያዋጣው፤ ክለቡ ራሱ ያውቀዋል። ጎንዛሌዝን በ2009 ለ2ኛ ዙር ምርጫ ለአትላንታ ከሰጠ በኋላ በ2010 ቶኒ ሞኣኪን በ3ኛ ዙር ወሰደ፤ 47 ኳስና 556 ያርድ ጥሩ ጅምር ነበር፣ 2011ን ግን በጉልበት ጉዳት ሙሉ በሙሉ አጣ። ኬልሲም በ2013 በጉልበቱ ምክንያት የተሰለፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከጎንዛሌዝ መሄድ እስከ ኬልሲ 862 ያርድ ድረስ አምስት ወቅት አለፈ።

ጥያቄ፦ ፍሪ ኤጀንት (ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች) ገዝቶ መገላገልስ?

መልስ፦ ድልድይ እንጂ ቤት አይሆንም። አትላንታ ከቶይሎሎ በኋላ ያደረገው ጥሩ ነው፦ በ2015 ጄከብ ታሚን አምጥቶ 59 ኳስና 657 ያርድ አገኘ፣ በ2016 ኦስቲን ሁፐርን በ3ኛ ዙር መረጠ፣ ሁፐር በ2019 787 ያርድ ደረሰ። ርካሽ አንጋፋ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት፣ ከሥር ልጅ። ከ30 ዓመት በላይ ላለ ፍሪ ኤጀንት ረጅም ኮንትራት መስጠት ግን የሸሸኸውን ችግር መልሶ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ ልጁ ተመረጠ እንበል። በመጀመሪያ ዓመቱ ምን ይሰጠው?

መልስ፦ ጥቂት ነገር፣ ግን በየጨዋታው። ሁለት ታይት ኤንድ ባለበት አሰላለፍ ይግባ፤ ከመስመሩ ጀርባ ተሻግሮ ዳር ያለውን ሰው የመምታት ብሎክ፣ ከ5 እስከ 6 ያርድ ዞሮ የመቆም ሩት (የሩጫ መንገድ)፣ ታችዳውን መስመር አጠገብ ያሉ ጥቂት ፕሌዮች። ኦፕሽን ሩት ግን ይቆየው። እዚያ ላይ ልጁና ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ተከላካዩን አይተው በሰከንድ ውስጥ አንድ ዓይነት ውሳኔ መወሰን አለባቸው፤ አንዱ «ወደ ውስጥ» ሌላው «ወደ ውጭ» ካለ ኳሱ ለተጋጣሚ ነው። የቺፍሱ ኳርተርባክ ማሆምስና ኬልሲ ሲያደርጉት ቀላል የሚመስለው ለዓመታት ስለለመዱት ነው። አዲስ ልጅ በዚህ ሁለት ጊዜ ኳስ ካስነጠቀ አሠልጣኙ ያስወጣዋል፣ ስናፕ ያጣል፣ ትምህርቱ ይቆማል።

ጥያቄ፦ አንጋፋው ልጁን ያስተምረዋል የሚባለውስ?

መልስ፦ ቢያደርግ ደስ ይላል፤ እቅድ ግን አይደለም። የሚያስተምረው የታይት ኤንድ አሠልጣኙና የሚሰጠው ስናፕ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ድራፍቱን በስንት ሰዓት ልከታተል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዙር ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ታይት ኤንድ ፈላጊ ከሆንክ ያን ሌሊት ተኛ። 2ኛውና 3ኛው ዙር ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ መንቃት ካለብህ ለዚያ ንቃ። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር እንቅልፍ አያሳጣህም።