መልስ፦ ስላይዱን ቴሌግራም ላይ ብለቅ ተማሪ ክፍል መምጣት ያቆማል?

ወንድሜ፣ ልቀቀው። ብትከለክልም አንዱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ማታውኑ ለባቹ ግሩፕ ያዳርሰዋል። ባሕር ዳርም ሆነ እዚህ ማርቆስ ያው ነው። ተማሪውን የሚያስቀረው ቴሌግራሙ ሳይሆን ስላይዱን ቃል በቃል ማንበባችን ይመስለኛል።

በኪውአር ኮድ አቴንዳንስ መያዙም እምብዛም አያዋጣም፤ ኮዱ ፎቶ ተነስቶ ዶርም ለተኛው ይደርሰዋል። (በወረቀቱ ጊዜስ ለጓደኛ ይፈረም አልነበር?)

ይልቅ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ዘዴ ሞክር። አንድ የምርጫ ጥያቄ ታቀርባለህ። ሁሉም መጀመሪያ ለብቻው ይመርጣል፤ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ተከራክሮ እንደገና ይመርጣል። መብራት ቢጠፋ እንኳ እጅ በማውጣት ይሠራል። ጥያቄዎቹን ግን ስላይዱ ውስጥ እንዳታስገባቸው፤ ክፍል የመጣ ብቻ ያግኛቸው።