የ7 ቁጥሩ ክኒን

ባለፈው ሳምንት አንዲት የልምምድ ተማሪ «ሲስተር፣ ክኒን ብቻ ከሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ ብታደርስልኝ ምን ችግር አለው?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

1998 ዓ.ም.፣ ክረምት። እዚሁ ጅማ ነው፣ የሆስፒታሉን ስም ልተወው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ድምፅ አይሰማም። የውስጥ ደዌ ክፍል፣ የሌሊት ተራ፣ ብቻዬን ነኝ። አንዱ ታማሚ ደም ይተፋል፣ ከሱ መላቀቅ አልቻልኩም። «እትዬ፣ ይቺን ለ7 ቁጥር ይስጡልኝ» ብዬ ስኳር የሚያወርደውን ክኒን፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም፣ ለጽዳት ሠራተኛችን ሰጠኋቸው። እትዬ ሌሊት ሌሊት ጤና አዳም ጣል ያደረጉበት ቡና ያመጡልኝ ነበር። ማንበብ አይችሉም፣ የአልጋ ቁጥር ግን አይስቱም።

አልሳቱምም። የስኳር ታማሚው መስኮቱ ሲያፈስበት ወደ ጥግ ተዛውሯል። 7 ቁጥርን ከመስኮቱ ሸሸት አድርገው ሳንባ ምች የያዛቸው ሽማግሌ አስተኝተውበታል። ተራ ስረከብ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ዞሬ አላየሁም።

ሽማግሌው እህል ከቀመሱ ሁለት ቀናቸው ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጃቸው ጮኸ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ አንሶላው ርሷል፣ ስጠራቸው አይመልሱም። የደም ስኳራቸው 34፣ ክፉኛ ወርዷል። 40 በመቶ ግሉኮሱን በደም ሥር ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነቁ። ይሄ መድኃኒት ግን ቆይቶም ስኳሩን መልሶ ይጥላል፣ እስከ ማግስቱ ማታ ከግሉኮስ አልተነቀሉም። ተርፈዋል።

ካርዱ ላይ «ተሰጥቷል» ብዬ የፈረምኩት ክኒኑ ገና ከእጄ ሳይወጣ ነው። ጠዋት «ማን ስጪ አለሽ?» ሲሏቸው እትዬ መሬት መሬት አዩ። አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወሩ። ቡናውም ቀረ።

የዘንድሮ ልጆች የመድኃኒቱን መጠን ከስልካችሁ በሰከንድ ታገኛላችሁ፣ የታማሚውን ስም መጠየቅ ግን ይከብዳችኋል። እኔስ ጠይቄ ነበር እንዴ? አምስቱን «ትክክለኛ»፣ ታማሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት እያልኩ አልደግምላችሁም፣ ለፈተና ሸምድዳችኋቸዋል።

ነርስ ያልሆነ ሰው መድኃኒት አይንካ ልል ነበር። ግን የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ሠልጥነው በየቀበሌው የወባውን መድኃኒት ኮአርተምን ይሰጡ የለ? የሕፃን ሽሮፕም ቢሆን እናትየዋ ከኔ ይልቅ አባብላ ታጠጣለች፣ ቆሜ እስካየሁ ድረስ። እትዬን ግን ማን አሠለጠናቸው? ከኔ ያገኙት አንድ ክኒንና አንድ ቁጥር ነው።

ከዓመታት በኋላ መርካቶ ጤና አዳም ሲሸጡ አገኘኋቸው። «ሲስተርዬ!» ብለው ሳሙኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «እሱ ስንት ነው?» አልኩ። ገንዘቤን አልቀበልም ብለው አንድ እስር ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።