ሕጉን ስትሞግቱ መዝገቡን አትርሱ

ልጆቼ፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ቆሜ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ከእናንተ መካከል ሕግ የምታጠኑ አላችሁ። ዘመድ ታስሮባችሁ ጠበቃ የምታፈላልጉም አትጠፉም። በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደበት ሰው «ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ ይግባኝ ሲል፣ ያንን ክርክር ብቻውን አትላኩት፤ መዝገቡን፣ ማለትም በችሎት የተባለውና የቀረበው ማስረጃ የሰፈረበትን፣ አብራችሁ ፈትሹ።

የጫትን ጉዳይ እንውሰድ። ጫት አገር ቤት በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ግን «ጫት» የሚል ስም ብትፈልጉ አታገኙም። ያለው «ካቲኖን» ነው፤ እርጥብ ጫት ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሄሮይን ጋር አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው። ታዲያ ቅጠሉን የተሸከመ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ሲንሲናቲ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 የገጠመው ይኸው ጥያቄ ነበር። ጫት ለማስገባት ተስማምቷል ተብሎ የተፈረደበት አንድ ሶማሊያዊ፣ ሕጉ ተራ ሰው በሚገባው መንገድ ስለማያስጠነቅቅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውን ልብ በሉ፦ ሕጉ የሚቀጣው አውቆ ያደረገውን ስለሆነ የማያውቀውን አያጠምድም አሉ። እንዲህ ከሆነ ግን፣ ተከሳሹ ጫት ውስጥ የተከለከለ ነገር እንዳለ ማወቁን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ዕዳ ነው። መዝገቡ ሲታይ በቂ ማስረጃ አልነበረም። ሕጉ ባለበት ጸና፣ የሰውየው ፍርድ ግን ተሻረ።

ሁሌ እንዲህ አይቀናም። በ2003 ቦስተን ያለው ይግባኝ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ክርክር ሰምቶ፣ ሁኔታው ተከሳሹ ማወቁን ያሳያል ብሎ ፍርዱን አጽንቷል። ስለዚህ መዝገቡን ገጽ በገጽ አንብቡ። ለፖሊስ ምን አለ? ሻንጣውን ማን ሰጠው? ስንት ተከፈለው? ቤተሰብ የነገራችሁ ነገር መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ይግባኝ ሰሚው አያየውም።

አንድ ነገር ብዙ ወገኖቻችንን ግር ይላቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚህ ግን የመጀመሪያው ዳኛም ሥልጣን አለው። ነጥቡም መነሳት ያለበት ከእሱ ዘንድ ጀምሮ ነው። እዚያ ዝም ተብሎ ይግባኝ ላይ ከተነሳ የማሸነፍ ዕድሉ በጣም ይጠብባል። ጊዜውም አጭር ነው፤ በፌዴራል ወንጀል የተከሳሽ የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተመዘገበ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት።

ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያመነም ተስፋ አይቁረጥ። ማመኑ ብቻውን ሕጉን ከመሞገት እንደማያግደው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ወስኗል። የፈረመው ስምምነት ላይ «ይግባኝ አልልም» የሚል አንቀጽ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሳያነብ የሚፈርም ወገን በዝቶብናል፣ አንጀቴን ይበላኛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በዕፅ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ጠበቃው ይህን አስቀድሞ መንገር እንዳለበት በ2010 ተወስኗል። ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት። እንግሊዝኛው ካስቸገረም አስተርጓሚ ይምጣልን በሉ፣ እስክሪብቶው ከመነሳቱ በፊት።