ለመድኃኒት ሙከራ የሚከፈለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር በሚካሄድ የአዲስ መድኃኒት ሙከራ እንዲሳተፍ ተጠይቋል። በየቀጠሮው ገንዘብ እንደሚሰጠው ነግረውታል። እናታችን «ልጄ ደሙን ሊሸጥ ነው» ብላ እህል አልቀምስ አለች። ክፍያው ተገቢ ነው? መሀል ላይ ቢያቋርጥስ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ተገቢ ነው። ለደም ግን ዋጋ አይወጣለትም። የሚታሰበው አንደኛ ወጪው ነው፦ የደርሶ መልስ መሳፈሪያ፣ ምግብ፣ ካደረም አልጋ። ሁለተኛው ከሥራ ቀርቶ የሚውልበት ጊዜ ሲሆን፣ በአካባቢው የቀን ሥራ ሒሳብ ማስላት የተለመደ ነው። ለእናትዎ ግን ቁጥር ይንገሯቸው። በጠቅላላው ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚወሰድ ወንድምዎ ይጠይቅ፤ ደም ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ገደማ ነውና ያመዛዝኑት።

የገንዘቡን ልክ ተመራማሪው ብቻውን አይወስንም፤ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያጸድቀዋል። ኮሚቴው ከማነሱ ይልቅ መብዛቱን ይፈራል። ገንዘቡ ሲያጓጓ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፣ ቤት ውስጥ የሚውጠውን ኪኒን አይናገርም፣ ባስ ሲልም በሁለት ሙከራ ይመዘገባል። ያኔ ጉበቱ ቢጎዳ የትኛው መድኃኒት እንዳደረሰው ሐኪሙ መለየት ይቸግረዋል። ደህና ክፍያም ከአደጋ አያድንም፦ በ2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ወደ 2,000 ፓውንድ ሊከፈላቸው የነበሩ 6 ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን1412 የተባለውን መድኃኒት በተወጉ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ተቃርበው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል።

እኛ ከብሩ መጠን ይልቅ አከፋፈሉን እናያለን። ክፍያው በየቀጠሮው ተከፋፍሎ መሰጠት አለበት። «ሁሉንም ስትጨርስ ትወስዳለህ» ካሉት አይፈርም፤ እንዲህ ያለው ውል ቢያመውም እንዳይወጣ ያስረዋል። ማቋረጥ መብቱ ነው፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ የተገኘባቸው ቀጠሮዎች ክፍያም አይቀርበትም። ሆኖም ዝም ብሎ አይጥፋ፤ አንዳንድ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ይጎዳል፣ የመጨረሻው ምርመራም ለራሱ ነው።

በስምምነት ቅጹ ላይ የክፍያው መጠንና ጊዜ፣ ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክመውና ካሳ የሚከፍለው አካል፣ በሌሊትም የሚሠራ የሐኪም ስልክ ይኑር። «ለሚደርሰው ጉዳት አልጠይቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ቅጹ ራሱ ጉድለት አለበት። ማንበብ የማይችል ተሳታፊ ከጥናቱ ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለታል። ፈርሞ አንድ ቅጂ ይዞ ይውጣ። ገንዘብ ሲቀበልም በፊርማ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እጁ ከገባው ጋር እኩል መሆኑን ቆጥሮ ይፈርም።